ኤሊዋ ትሂድ፣ አንቺ እጅሽን ሰብስቢ

ሚጡዬ፣ ወንበርሽን ትንሽ ጠጋ አድርጊልኝና የፓይተን ትምህርት እቅድሽን አብረን እንየው። የመጀመሪያው ሳምንት «ቫሪያብል፣ የዳታ ዓይነቶች፣ ኦፕሬተሮች» ይላል። ሁለተኛው «ኢፍና ሉፕ»። ኤሊዋ፣ በትእዛዝ እየሄደች ስክሪን ላይ መስመር የምትሥለው የፓይተን ተርትል፣ የመጨረሻው ቀን ላይ «ለመዝናኛ» ተብላ ተቀምጣለች። ሰዓቱን በሚገባ ከፋፍለሽዋል፣ ለልጆቹ አስበሽ እንደሠራሽውም ያስታውቃል፤ ቅደም ተከተሉን ግን ገልብጪው። ኤሊዋ በመጀመሪያው ቀን፣ በመጀመሪያው ሰዓት ትምጣ። ልጆቹ የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች ናቸው። በሐምሌ ዝናብ ጭቃ እየረገጡ የሚመጡት ኮምፒውተሩን አንድ ነገር ሊያሠሩት ጓጉተው ነው። ሦስት ቀን ሙሉ ፍቺ ካስገለበጥሻቸው በአራተኛው ቀን ግማሾቹን አታገኚያቸውም።

ቀድማ ትምጣ የምልሽ ስለምታስደስት ብቻ እንዳይመስልሽ። ጀማሪን የሚያስቸግረው የገዛ ስህተቱን ማየት ነው። አንዱ ልጅ የሦስት ፈተና ውጤት አማካይ የሚያወጣ ፕሮግራም ጻፈ እንበልና ቅንፉን ረሳው። ኮምፒውተሩ ምንም ሳይል የተሳሳተ ቁጥር ያወጣለታል። ልጁ ቁጥሩን ሲያይ «ሠራ!» ብሎ ይጮሃል። መሳሳቱን የምታውቂው አንቺ ብቻ ነሽ። ስለዚህ ፈራጇ አንቺ ትሆኛለሽ፣ እሱ ደግሞ ከስክሪኑ ይልቅ ፊትሽን እያነበበ መልስ ይጠብቃል። ከኤሊዋ ጋር ሲሆን ነገሩ ሌላ ነው። ቤት ልሥል ብሎ ጣሪያው መሬት ላይ ከተጋደመበት ማንም ሳይነግረው ያየዋል። ራሱ ይፈርዳል፣ ራሱ ያርማል። ከምነግርሽ ሁሉ አንዱን አጥብቀሽ ያዢልኝ፦ ሥዕሉ መጀመሪያ ያስቸግራቸው፣ የፓይተኑን ብልሃት ከቸገራቸው በኋላ ስጫቸው።

የኤሊዋ ሐሳብ ከፓይተን በዕድሜ ይበልጣል። እ.ኤ.አ. በ1967 በአሜሪካ ማሳቹሴትስ፣ ኬምብሪጅ ከተማ ውስጥ፣ ሲሞር ፓፐርት፣ ዋሊ ፉርዛይግና ሲንቲያ ሰለሞን ሎጎ የተባለውን ለልጆች የታሰበ ቋንቋ ሠሩ። ፓፐርት ደቡብ አፍሪካ፣ ፕሪቶሪያ የተወለደ የሒሳብ ሰው ነው። ልጆች እንዴት እንደሚያስቡ ሲመራመር ከኖረው ከዣን ፒያዤ ጋር ጄኔቭ ውስጥ ሠርቷል። ሎጎ ሲጀመር በቃላትና በዓረፍተ ነገሮች የሚጫወት ቋንቋ ነበር፤ ኤሊዋ የመጣችው ቆየት ብላ ነው። ያኔም ወለል ላይ የምትሽከረከር፣ ሆዷ ሥር ብዕር ያላት ሮቦት ነበረች። ስክሪን ላይ የወጣችው በኋላ ነው። ዛሬ ፓይተን ስትጭኚ አብራ የምትመጣውን ኤሊ የሠራው ኦስትሪያዊው ግሬጎር ሊንግል ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2008 ከፓይተን 2.6 ጀምሮ የቋንቋው አካል ሆናለች። የሲንቲያ ሰለሞንን ስም ለሴቶቹ ልጆች ሳትነግሪያቸው እንዳትቀሪ። ይህን ነገር ከጅምሩ ካዋቀሩት ሰዎች አንዷ ሴት እንደነበረች ከመጀመሪያው ቀን ይወቁት።

የወለሏን ኤሊ ያነሳሁልሽ በምክንያት ነው። የመጀመሪያው ቀን ላይ ኮምፒውተሩን ከመክፈትሽ በፊት ወንበሮቹን ወደ ግድግዳ አስጠጊያቸውና አንዱን ልጅ ኤሊ አድርጊው። ሌላው ያዝዛል። የተፈቀደው ትእዛዝ ሁለት ብቻ ነው፦ «ወደፊት» ከእርምጃ ቁጥር ጋር፣ «ወደ ግራ» ከዲግሪ ጋር። ኤሊው አያስብም። ቁጥር ሳይጠራ «ዙር» ከተባለ ባለበት ይቆማል። ካሬ እንዲሄድ አዝዙት በያቸው። ወዲያው ሁለት ነገር ይከሰታል። አንዱ «ወደ ግራ 90» ብሎ ልጁ ወደ ግራ እንዲራመድለት ይጠብቃል፤ ልጁ ግን ቆሞ ፊቱን ብቻ ያዞራል። መዞርና መሄድ የተለያዩ መሆናቸው እዚያው ይገባቸዋል። ሌላዋ ደግሞ ኤሊው ፊቱን ወደ እሷ አዙሮ ሳለ «ወደ ግራ» ትልና በራሷ ግራ ትጠብቃለች፣ እሱ ወደ ተቃራኒው ይዞራል። ግራው የኤሊው ግራ ነው። ይህን በቃል ካስረዳሻቸው ነገ ይረሱታል፤ ቆመው ከዞሩት ግን አይጠፋቸውም። ፓፐርትም አጥብቆ የያዘው ይህንኑ ነበር፦ ልጁ ጂኦሜትሪውን በገዛ አካሉ እንዲያስበው። ከዚያ በኋላ ስክሪኑ ላይ የተቸገረ ልጅ ሲጠራሽ መልስሽ «ተነሥና ሂደው» ይሁን።

ከዚያ ከፓይተን ጋር የሚመጣውን የኮድ መጻፊያ፣ አይድልን፣ ክፈቺላቸው። ፋይል መፍጠር ለነገ ይቆይ። አንድ መስመር ይጻፍ፣ ኤሊዋ ትንቀሳቀስ፣ ሌላ መስመር ይጻፍ። የካሬውን ስምንት መስመር አንድ በአንድ ይጻፉት። «በሉፕ ያጥራል» ለማለት ምላስሽን ይበላሻል፤ ታገሺ። ካሬው ሲያልቅ ባለ ሠላሳ ስድስት ጎን ሥዕል እንዲሠሩ ጠይቂ። ማጉረምረም ይጀምራሉ። አንዱ መገልበጥና መለጠፍ ይጀምራል፣ ሌላዋ «ቲቸር፣ ይሄን ድገም የሚባልበት መንገድ የለም?» ትላለች። ይህን ጥያቄ ከሰማሽ በኋላ ፎርን ጻፊላቸው፤ ከዚያ በፊት አይደለም። ሠላሳ ስድስት ጎኑ ሲያልቅ ክብ ይመስላል፤ አንዳንዱ «ክብ ሠራሁ!» ብሎ ይነሣል። ስለዚህ ሰርክል የሚባለው የተዘጋጀ ትእዛዝ እንዳለ ለጊዜው አትንገሪያቸው። ክብን ራሳቸው ከሠሩት በኋላ ይምጣ።

ፎር ሲመጣ የመስመር መግባትም አብሮ ይመጣል፤ ብዙ አስተማሪ «ከኮለን በኋላ አራት ስፔስ» ብሎ ሕግ ጽፎ ያልፈዋል። አንቺ ኤሊዋን ምስክር አድርጊያት። ፎርዋርዱ ገባ ብሎ ሌፍቱ ከዳር ከቀረ ኤሊዋ አራቱንም ጎን በአንድ አቅጣጫ ትሄድና አንድ ረጅም መስመር ሠርታ በመጨረሻ አንዴ ትዞራለች። የትኛው መስመር እንደሚደገምና የትኛው እንደማይደገም በዓይናቸው አዩት ማለት ነው። ፓይተን ውስጥ ያለ ቅንፍ በስፔስ ብቻ ትርጉም የሚቀየርበትን ይህን ነገር እንዲህ ገልጦ የሚያሳይ ሌላ መልመጃ አላውቅም።

ሦስት ማዕዘኑ ላይ ደግሞ አደራ፣ አፍሽን ያዢ። ትምህርት ቤት «ጎኖቹ እኩል የሆኑ ሦስት ማዕዘን እያንዳንዱ ማዕዘኑ 60 ነው» ተብለው ተምረዋል። 60 ይጽፋሉ፣ ሦስት ጊዜ ይደግማሉ፣ ሥዕሉም ሳይገጥም ግማሽ ስድስት ጎን ሆኖ አፉን ከፍቶ ይቀራል። ክፍሉ ዝም ይላል። ያን ዝምታ አትስበሪው። ደብተር ይውጣ፣ ማስመሪያ ይውጣ፣ የፈለገ ተነሥቶ ይሂደው። ኤሊዋ የምትዞረው የውስጡን ማዕዘን ሳይሆን የውጭውን እንደሆነ አንዱ ይደርስበታል፤ 120 ነው። ከዚያ የካሬውን 90፣ የሦስት ማዕዘኑን 120፣ የስድስት ጎኑን 60 ሰሌዳ ላይ ጻፊና ተመልከቱት በያቸው። 360ን ለጎኖቹ ብዛት ማካፈል እንደሆነ ያገኙታል። ቫሪያብል የሚያስፈልጋቸው እዚህ ነው። ጎኖቹን በአንድ ስም ይያዙት፤ ቁጥሩ አንድ ቦታ ሲቀየር ሥዕሉ ሁሉ ይቀየራል። በእቅድሽ መጀመሪያ ላይ ያስቀመጥሻቸው የዳታ ዓይነቶችም ሳይጠሩ ይመጣሉ። ሰባት ጎን ሲሠሩ 360 ለ7 ሲካፈል 51.43 ገደማ ይሆናል፤ «ነጥብ ያለው ቁጥር» አዩ። ከዚያ አንዷ ብልህ የድግግሞሹን ብዛት ራሱን ከዲግሪው ላስላ ብላ 360 ለ10 ታካፍልና ሬንጅ ውስጥ ትከታለች። ፓይተን 36.0 እንጂ 36 አይደለም ብሎ እምቢ ይላታል። ሙሉ ቁጥርና ባለ ነጥብ ቁጥር ለማሽኑ አንድ አለመሆናቸውን ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ሰዓት አታገኚም፤ ሥራዋ ቆሞባታልና ትሰማሻለች።

ቶሎ የሚጨርሱትን ባንዲራችንን ወደ መሣል ላኪያቸው። ሦስቱ ቀለሞች መሙላትን ያስተምራሉ፣ ባለ አምስት ጫፉ ኮከብ ግን እንቅልፍ ይነሳቸዋል። 72 ይሞክሩና አምስት ጎን ይወጣባቸዋል። መልሱ 144 ነው፤ አምስት ጊዜ 144 ሲዞሩ 720 ይሆናል፣ ኤሊዋ ኮከቡን ለመዝጋት በራሷ ዙሪያ ሁለት ሙሉ ዙር ትዞራለች። አትንገሪያቸው፤ ቤት ይውሰዱት።

ፈንክሽን ላይ ስትደርሺ ረጋ በይ፤ ኤሊዋ በጣም የምትጠቅመውም፣ ካልተጠነቀቅሽ የምታሳስተውም እዚህ ነው። ጥሩውን አስቀድሜ ልንገርሽ። የሐበሻ ቀሚስ ጥለት እንዲሠሩ አድርጊ። አልማዝ ቅርጽ በረድፍ፣ ረድፉ በረድፍ ላይ። አንዱን ቅርጽ ፈንክሽን ሳያደርጉት ከቀጠሉ ኮዱ አንድ ገጽ ይሞላል፤ ችግሩ ከተሰማቸው በኋላ ዴፍን ስጫቸው። ብዙዎቹ ካሬውን ወይም አልማዙን ሲሠሩ የመጨረሻዋን መዞር ይተዋታል፤ ቅርጹ ያለሷም ይዘጋልና። አንዱ ቅርጽ ብቻውን ሲሆን ምንም አይታይም። በረድፍ ሲደረደር ግን ጥለቱ ይጣመማል። ፈንክሽን የተረከባትን ኤሊ ባገኛት ቦታና ባገኛት አቅጣጫ መልሶ ማስረከብ እንዳለበት ከዚህ ይማራሉ። ይህ ልማድ ለኤሊዋ ብቻ አይደለም። የሠራሽው ቁራጭ ከሌላ ሰው ቁራጭ ጋር ሲገጣጠም የሌላውን እንዳያበላሽ መጠንቀቅ የፕሮግራመር ዋና ጠባይ ነው።

አሳሳቹ ነገር ደግሞ የኤሊ ፈንክሽኖች አብዛኞቹ የሚሠሩ እንጂ የሚመልሱ አለመሆናቸው ነው። ካሬ ሣለ፣ አለቀ። ለሁለት ሳምንት ይህን ብቻ ያየ ልጅ ፈንክሽን ማለት «አንድ ነገር የሚያደርግልኝ» ብቻ ይመስለዋል፤ በኋላ ሪተርን ሲመጣበት ግራ ይጋባል፣ ፕሪንትና ሪተርን ይምታቱበታል። ስለዚህ ከመጀመሪያው የፈንክሽን ቀን ጀምሮ ሁለቱን ዓይነት ጎን ለጎን አስኪጂያቸው። የጎን ብዛት ተቀብሎ የመዞሪያውን ዲግሪ አስልቶ የሚመልስ አንዲት አጭር ፈንክሽን ይጻፉ፤ ምንም አትሥልም፣ ቁጥር ብቻ ትመልሳለች። ሥዕል የሚሠራው ፈንክሽን እሷን ይጠይቅ። እኔ እንደማየው በኤሊ የተጀመሩ ትምህርቶች በብዛት የሚሰናከሉት እዚህ ነው፤ ለዚህ አንድ ሙሉ ጠዋት ብትሰጪ አይባክንም።

እህቴ፣ አንድ ነገር ልጨምርልሽ። ፓይተን 3 በግዕዝ ፊደል የተጻፈ ስም ይቀበላል። ፈንክሽኑን «ካሬ»፣ ቫሪያብሉን «ጎን» ብለው ቢሰይሙት ይሠራል። ፎርና ዴፍ በእንግሊዝኛ እንዳሉ ይቀራሉ፤ ልጁ ያወጣቸው ስሞች ግን በእኛ ፊደል ይሆናሉ። «እንግሊዝኛ ይልመዱ» የሚሉ ይኖራሉ፣ እኔ ግን ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ፍቀጅላቸው እላለሁ። ጀማሪ ከሚያደናግሩት ነገሮች አንዱ የትኛው ቃል የቋንቋው እንደሆነና የትኛውን እሱ ራሱ እንዳወጣው መለየት ነው። ሁሉም በእንግሊዝኛ ሲሆን ሳይድ የሚለውን ቃል ፓይተን የሚያውቀው ይመስለዋል። በግዕዝ የተጻፈው ሁሉ የእሱ፣ በላቲን የተጻፈው የፓይተን ሲሆን ድንበሩ በዓይን ይታያል። መጠንቀቅ ያለብሽ ኪቦርዱን ነው፤ አንዳንዱ የአማርኛ ኪቦርድ በኮለን ፈንታ ሁለት ነጥብ ይጽፋል፣ ፓይተን ደግሞ አይቀበለውም። ምልክቶቹን ሁሉ ወደ እንግሊዝኛው ቀይረው እንዲጽፉ አስጠንቅቂያቸው።

ሉፑ ራሱ የሚቆጥረውን ቁጥር መጠቀም ሲፈልጉ የእንጀራውን ምጣድ አስታውሻቸው። ሊጡ ከዳር ተነሥቶ እየተሽከረከረ ወደ መሀል ይገባል። ኤሊዋ በእያንዳንዱ ዙር ትንሽ እያሳጠረች ብትሄድና በእኩል ዲግሪ ብትዞር ያንኑ ትሠራለች። ለዚህ ግን ወደ ኋላ መቁጠር ያስፈልጋል፤ ሬንጅ መነሻ፣ መድረሻና የእርምጃ መጠን እንደሚቀበል ያኔ ያገኙታል። ኢፍና ዋይል ላይ ብዙ አልቆይም፦ ኤሊዋ በዘፈቀደ እየዞረች ትንከራተት፣ ከመነሻዋ 200 እስክትርቅ ትሂድ፣ ከዚያ ትቁም። ልጆቹ ይጫወቱበታል፣ ሁኔታውም ይገባቸዋል።

አሁን ወደ መውጫው ልምጣ። ኤሊዋ ጋ ስድስት ሳምንት መቆየት የለባቸውም። ፓይተን የባንክ ሒሳብ የሚሠራበት፣ የሆስፒታል መረጃ የሚተነተንበት ቋንቋ ነው፤ የመጣነው ለእሱ ነው። መሸጋገሪያው ሊስት ይሁን። እያንዳንዱ ልጅ ከቤቱ ክፍሉ ድረስ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅበት ይናገር፣ ቁጥሮቹ በአንድ ሊስት ይግቡ፣ ኤሊዋ ለእያንዳንዱ አንድ ቋሚ አሞሌ ትሣል። ሲያምር ያዩታል። ከዚያ ጠይቂ፦ ከሁላችሁ የሚርቀው ማነው? አማካዩ ስንት ነው? ከግማሽ ሰዓት በላይ የሚጓዙት ስንት ናቸው? ሥዕሉ ይህን በደንብ አይመልስም፣ ሊስቱ ግን ይመልሳል። ማክስ፣ ሰም፣ ሌን በዚህ ይገቡና የኤሊዋ መስኮት ተዘግቶ ሥራው ይቀጥላል። በማግስቱ ቁጥሮቹን ከቴክስት ፋይል ያንብቡ። አማካዩን ሲያሰሉ ቅንፍ የረሳ ልጅ አሁንም ይኖራል፤ ልዩነቱ አሁን ቁጥሩን ከአሞሌዎቹ ጋር አስተያይቶ «ይሄ ሊሆን አይችልም» ማለት ይችላል። አንዳንዶቹ ኤሊዋን አንለቅም ይሉሻል። ተዪአቸው፣ በራሳቸው ሰዓት ይሣሉ።

በመሐል ስትዘዋወሪ ኪቦርዱን አትንኪ። ይህን ማንም ቢለምንሽ እሺ አትበዪ። ጥያቄሽ ሁለት ይሁን፦ ምን ትሠራለች ብለሽ ጠብቀሽ ነበር? ምን ሠራች? ልጅቷ ሁለቱን ካስተያየች አብዛኛውን ጊዜ ሦስተኛ ጥያቄ አያስፈልግም። ከማስኬዳቸው በፊት የሚወጣውን ሥዕል ደብተራቸው ላይ ይሣሉት፤ ያለዚያ ቁጥር እየቀያየሩ የሚያምር ነገር እስኪወጣ መጠበቅ ይለምድባቸዋል። ከኢንተርኔት አበባ ገልብጦ የመጣ ልጅ ካለ አትቆጪው። አንድ ቁጥር ቀይሪበትና ምን እንደሚሆን ሳያስኬደው እንዲነግርሽ ጠይቂው። ኮምፒውተር ለሁለት ስለሆነ ደግሞ ቤቱ ላፕቶፕ ያለው ልጅ ኪቦርዱን ይዞ እንዳይቀር፤ አንድ ሥዕል ባለቀ ቁጥር ቦታ ይቀያየሩ።

ከዚህ የቀረው ማሽኑ ነው። ኤሊዋ ከፓይተን ጋር ስለምትመጣ ኢንተርኔት አያስፈልግሽም፤ መጫኛውን በፍላሽ ይዘሽ ሂጂ። ኮምፒውተሮቹ ዊንዶውስ 7 ከሆኑ የሚሠራላቸው የመጨረሻው ፓይተን 3.8 ነው፤ አዲሱን ይዘሽ ሄደሽ እዚያ እንዳትጉላዪ። ኡቡንቱ ከሆኑ ለኤሊዋ መስኮት የሚከፍትላትን ቲኪንተርን ለብቻ መጫን ያስፈልጋል፣ ካልሆነ ኤሊዋ አትነሣም። ፋይላቸውን «ተርትል» ብለው እንዳይሰይሙ ንገሪያቸው፤ ፓይተን የራሱን ኤሊ ትቶ የእነሱን ፋይል ይከፍትና ለመረዳት የሚያስቸግር ኤረር ያወጣል። ከአይድል ውጭ ሲያስኬዱት መስኮቱ ብልጭ ብሎ ከጠፋ መጨረሻው ላይ ደን የሚለውን ትእዛዝ ረስተዋል። ፍጥነቱ ከ1 እስከ 10 እየጨመረ ይሄዳል፣ 0 ግን ከሁሉም የፈጠነው ነው፤ ስህተት ሲፈልጉ 1 ላይ ያድርጉት። መብራት ቢጠፋ ሥዕሉ ይጠፋል፣ የተቀመጠ ኮድ ግን ይኖራል፤ ስለዚህ ሁለተኛው ቀን ላይ ፋይል ሲጀምሩ መጀመሪያ ሴቭ ማድረግን አስተምሪያቸው፣ ከዚያ ሆን ብለሽ መስኮቱን አስዘጊያቸውና ፋይላቸውን እንደገና ያስኪዱት።